ያየው ተዘግቶበት፣ ያላየው ሲተርክ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በትግራይ የሰፈረው የመከላከያ ሠራዊት ሰሜን ዕዝ ጥቃት ደረሰበት። ሌሊቱ ሳይነጋ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መከላከያ ሠራዊቱ እርምጃ እንዲወስድ ማዘዛቸውን በፌስቡክ ገጻቸውና በቴሌቪዥን አስታወቁ። በዚያው ሌሊት በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እነዚህ ሁለት ክስተቶች ሁልጊዜ አብረው ሊታዩ ይገባል። የጦርነቱ ትእዛዝ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲነገር፣ ጦርነቱ የሚካሄድበት ምድር ከማኅበራዊ ሚዲያ ጠፋ።

ቀጥሎ በመጡት ሁለት ዓመታት ስለ ሰሜኑ ጦርነት በፌስቡክ፣ በትዊተር፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም የተባለው አብዛኛው ነገር የተባለው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ከባድ መሣሪያ ጎረቤቱ ግቢ ሲወድቅ ያየ ሰው የሚናገርበት መስመር አልነበረውም። መስመር የነበረው ደግሞ አንዳች ነገር አላየም። ስለ ሐሰተኛ ፎቶዎችና ስለ ጥላቻ ንግግር ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ ባይ ነኝ። ጥላቻው ያን ያህል ሜዳ ያገኘው ምስክሮቹ አስቀድመው አፋቸው ስለ ተዘጋ ነው።

መቀሌ በኅዳር 2013 በመከላከያ ቁጥጥር ሥር ከዋለች በኋላ ስልክ በአንዳንድ ከተሞች ተመልሶ ነበር። በሰኔ 2013 ሠራዊቱ ከተማዋን ለቆ ሲወጣ እንደገና ተቋረጠ። ኢንተርኔት ወደ ተራው ነዋሪ የተመለሰው ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዓድዋ ያለችው እናቱ በሕይወት መኖሯን የማያውቅ፣ ዋሽንግተን ሆኖ የወንድሙን ድምፅ ለወራት ያልሰማ ሰው ማታ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው የማያውቀውን ሰው ላይቭ ነበር። የተጨነቀ ሰው ወሬ አያማርጥም፤ ያገኘውን ይይዛል። «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ የተለጠፈበት ቪዲዮ ይህን ጭንቀት አሳምሮ ያውቀዋል። ጠዋት ከተማዋ «ተያዘች»፤ ከሰዓት በኋላ «ነፃ ወጣች»፤ ማታ ላይ ደግሞ «ጭራሽ አልተነካችም»። በሐምሌና በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎች ሲሰፋ ይኸው ዕጣ በቆቦ፣ በወልዲያና በላሊበላ ዘመድ ላላቸው ደረሰ። ትናንት «መቋረጡ ለደኅንነት ሲባል ነው» ይል የነበረ ሰው እናቱን በስልክ ሲያጣት ነገሩ ገባው።

ሁለት ቦታዎችን ላንሳ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተጨፈጨፉ፤ አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 600 ብሎ ገመተ። ኅዳር 19 እና 20 በአክሱም ከተማ የኤርትራ ወታደሮች ሲቪሎችን ገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጥቃቱ የተረፉና በዓይናቸው ያዩ 41 ሰዎችን አነጋግሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መገደላቸውን ያስታወቀው በየካቲት ወር፣ ማለትም ከሦስት ወር በኋላ ነው። ማይካድራ ቶሎ የታወቀው አካባቢው በመንግሥት እጅ ገብቶ መርማሪዎች መድረስ ስለቻሉ ነው። አክሱም የዘገየው መንገዱም መስመሩም ዝግ ስለነበር ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ይህ የጊዜ ልዩነት የእውነትና የሐሰት ልዩነት ተደርጎ ተወሰደ። ቶሎ የተሰማው ሐቅ፣ የዘገየው ፈጠራ ተባለ። በሌላው ጎራ ደግሞ ማይካድራን የመንግሥት ድርሰት ነው ብሎ የሚከራከር አልጠፋም። ሦስት ወር ሙሉ ያልተጣራ ነገር ባዶ ሆኖ አይቆይም። ካጂውም አጋናኙም ያሻውን ይሞላበታል፤ ምስክሩ በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ሰው ሁሉ አቋሙን ይዞ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የተወለደውን አንድ ጥያቄ በእነዚያ ዓመታት ኮሜንት ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። «ማይካድራ ሲሆን የት ነበርክ?» «ስለ አክሱም ለምን ዝም አልሽ?» ጥያቄው ሲሰሙት የፍትሕ ጥያቄ ይመስላል፤ የሰው ደም እኩል ነው የሚል ይመስላል። አጠቃቀሙን ላየ ግን ተቃራኒው ነው። የአጎቷን ልጅ ሞት የለጠፈች ሴት ገና ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ በጽሑፏ ሥር አሥር ሰው ስለ ሌላ ሟች ሒሳብ ይጠይቃታል። ያ ሌላ ሟች ለጠያቂው ዘመዱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ስሙንም አያውቀውም። የሚፈልገው ለክርክሩ ነው። በእኛ ዘንድ የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ የመሬት ክርክሩም የድንበር ጠቡም ለሌላ ቀን ይቆያል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «የእኔ አባት ሲሞት አልመጣህም» ብሎ የሚጮህ ሰው ቢኖር ሽማግሌ እጁን ይዞ ያስወጣዋል። በፌስቡክ የሚያስወጣ ሽማግሌ አልነበረም። እንዲያውም የጮኸው ሰው ላይክ ተሰበሰበለት።

ውጤቱን ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ሰዎች ሐዘናቸውን በአደባባይ መናገር ተዉ፤ የራሳቸው ወገን ብቻ ወዳለበት የቴሌግራም ግሩፕ ገቡ። እዚያ የሚከራከር የለም፤ የሚያጣራም የለም። ከየት እንደ ተነሣ የማይታወቅ የድምፅ ቅጂ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዘላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ያደረጉት ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ተፋላሚዎቹን ሁሉ የሚመለከት ነበር፤ ሁሉም በተለያየ መጠን ከባድ ጥሰት መፈጸማቸውን ይናገራል። ሪፖርቱ ሼር የተደረገው ግን በየገጹ ተቆራርጦ ነው። እያንዳንዱ ጎራ ሌላውን የሚከስሰውን አንቀጽ በስክሪንሾት ወስዶ የቀረውን ተወው።

ስለ ሐሽታግ ዘመቻዎቹም ፍርዴን ልናገር። የትግራይ ተወላጆች በውጭ አገር ሆነው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘመቻ ጀመሩ። ትዊተር ተጠቅመው ለማያውቁ ሰዎች አካውንት አከፋፈት እያስተማሩ፣ አንዴ ብቻ ተጭነው የሚለጥፉትን የተዘጋጀ ጽሑፍ እያቀረቡ ድምፃቸውን አሰሙ። መንግሥትን የሚደግፉት በተመሳሳይ መንገድ መልስ ሰጡ። በኅዳር 2014 «ኖ ሞር» የሚለው ዘመቻ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በየአህጉሩ አደባባይ አወጣ። ሁለቱንም ወገን «ቅጥረኛ» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም። የአንደኛው ወገን ቤተሰብ ተዘግቶበታል፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ሌላኛው ወገን አገሩ ልትፈርስ ነው የሚል ፍርሃት ይዞት ነበር፤ ፍርሃቱም የውሸት አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የሚያናግሩት ዋሽንግተንን፣ ብራስልስንና ኒው ዮርክን ነው። እርስ በርስ የተነጋገሩበት ቀን ጥቂት ነው። ለፈረንጅ በሚጻፈው ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ሕፃናት ረሃብ የሚያወራ ገጽ፣ ወደ አማርኛው ወይም ወደ ትግርኛው ሲመለስ ሌላ ሰው ይሆናል። ውጭ የሚያነበው ልመናውን ነው፤ ጎረቤት የሚያነበው ዛቻውን።

ዛቻው ደግሞ ቃል ሆኖ አልቀረም። ያ የጋራ ሪፖርት በወጣበት በዚያው ዕለት በባሕር ዳር አንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከሳምንታት በፊት ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ወጥቷል፤ የሚሠሩበት ቦታና የሚኖሩበት ሰፈር ተጠቁሟል፤ መንግሥትን የሚዋጋውን ሕወሓትን ይረዳሉ ተብሎ ተጽፏል። ልጃቸው በናይሮቢ ባቀረበው ክስ መሠረት ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቷል፤ ምላሽ ያገኘው አባቱ ከተገደሉ በኋላ ነው። እነዚያን ጽሑፎች የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል። ሥራቸው ግን ግልጽ ነው፤ አንድን ሰው በስምና በአድራሻ አሳልፈው ሰጡ። የሰፈር ስም የሚጠቅስ ጽሑፍ ስድብ ላይኖረው ይችላል። አስተማሪ ነው፣ እዚህ ይኖራል፣ እንዲህ ያደርጋል ይላል። የቀረውን አንባቢው ይጨርሰዋል።

ይህን የመሰለ ጽሑፍ ለማስቆም አማርኛ የሚያነብ፣ ባሕር ዳርን የሚያውቅ፣ የሳምንቱን ሁኔታ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ኩባንያው ይህ አልነበረውም። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ ነበር። ከእርሷ ጋር የወጡት የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጻፍ ጥላቻን በራሱ የሚለይ የኮምፒዩተር ሥርዓት አልነበረውም። ልብ በሉ፤ ይህ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለበት፣ ከግድያው በኋላ በደረሰው ሁከት ብዙ ሰው ያለቀበትና ኢንተርኔት በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ገደማ የተዘጋበት ዓመት ነው። ማስጠንቀቂያ ጎድሎ አልነበረም። በሰኔ 2014 ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት ግድያ የሚያነሳሱ 12 የአማርኛ ጽሑፎችን በማስታወቂያ መልክ ለፌስቡክ ሲያቀርብ ሁሉም ለሕትመት ተፈቀዱ። ድርጅቱ ከመታተማቸው በፊት አነሣቸው እንጂ ክፍያ ተከፍሎባቸው በሕዝብ ስልክ ላይ ይታዩ ነበር።

ሰው በተመደበበት ቦታም ቢሆን ፍርዱ ቀላል አይደለም። በ2013 ክረምት አንድ ተጠቃሚ በራያ ቆቦ ስለ ተፈጸመ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈርና ዝርፊያ በአማርኛ ጻፈ። ጽሑፉ የሕወሓትን ታጣቂዎች ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን የትግራይ ተወላጆችም ተባባሪ ያደርግ ነበር። ምንጬ ያዩ ሰዎች ናቸው ብሏል፤ የጠቀሰው ግን ማንንም አልነበረም። ፌስቡክ አነሣው፤ በኋላ ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው፤ የኩባንያውን ውሳኔዎች የሚገመግመው የቁጥጥር ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ በታኅሣሥ 2014 የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር ሲል ወሰነ። ጻፊው በልቡ ወገኑን ሊያስጠነቅቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ራያ ላይ በእርግጥም ግፍ ነበር። ግን ያልተጣራ ወሬ ከታጣቂ ወደ ጎረቤት የሚሻገርባት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የቀረውን ሁሉ ትለውጠዋለች። ቦርዱን እደግፋለሁ። ታጣቂን በሠራው መክሰስ መብት ነው፤ ገበሬ ጎረቤትን በቋንቋው ምክንያት ተባባሪ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የባሕር ዳሩ ፕሮፌሰርም የሞቱት በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው።

መንግሥትስ? በ2012 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ይከብዳል። በወረቀት ላይ ሲያነቡት ያስፈልግ ነበር ያሰኛል። ሕግ ግን የሚከበረው አውጪው ቀድሞ ሲገዛለት ነው። በሰኔ 2013 ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት ፌስቡክ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር ያያዘውን የሐሰተኛ አካውንቶች መረብ አነሣ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕዝቡ ያገኘውን መሣሪያ ይዞ ሕወሓትን ለመቅበር እንዲነሣ የጠየቁበትን ጽሑፍ ሁከት ያነሳሳል ብሎ አወረደው። በዚያው ሰሞን ትዊተር በኢትዮጵያ መነጋገሪያ ርዕሶችን የሚያሳየውን ክፍል ለጊዜው ዘጋ። በሌላው ወገን የሕወሓት ቃል አቀባይ የጦር ሜዳ ድል የሚያውጁት በትዊተር ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች በዚህ ቋንቋ ሲናገሩ፣ አንድ ወጣት በቲክቶክ የደገመውን በሕግ መጠየቅ ሕጉን የደካማ መቅጫ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ማኅበራዊ ሚዲያው ባይኖር ይሻል ነበር የሚል ሰው ይኖራል። አልስማማም፤ ምክንያቴ ማኅበረ ዴጎ ነው። በጥር 2013 በማዕከላዊ ትግራይ በዚያች መንደር አጠገብ የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ከገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወጣ። የመንግሥት መልስ በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ነገር ማስረጃ አይሆንም የሚል ነበር። የቢቢሲ አፍሪካ አይና የቤሊንግካት መርማሪዎች ግን ክርክር ውስጥ አልገቡም። በቪዲዮው ውስጥ ያለውን የተራራ ሸንተረር ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፤ የጥላውን አቅጣጫ ለኩ፤ የወታደሮቹን ልብስና ንግግር መረመሩ፤ ቦታውን አገኙት። አንድም ሐሽታግ ያላደረገውን የሸንተረር ቅርጽ አደረገው። በየካቲት 2014 በመተከል አንድ ሰው ከነሕይወቱ ሲቃጠል የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣም የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱ መፈጸሙን አምኖ አጥፊዎቹን ለሕግ አቀርባለሁ አለ። ቪዲዮው ባይኖር ያ ሰው ቁጥር ውስጥ እንኳ አይገባም ነበር።

ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። «የት ነው? መቼ ነው? ማን ቀረጸው?» ብሎ የሚጀምር ሰው ስለ ሟቹ ይጠይቃል። «የማን ወገን ነው?» ብሎ የሚጀምር ስለ ራሱ ይጠይቃል። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በጥቂት ሰው ኃይል ይህን የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ በአገራችን ቋንቋዎች ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ የትግራይ ወይም የአማራ ተብሎ ሲለጠፍ ምንጩን እየፈለጉ አሳይተዋል። የሚገባቸውን ያህል አልተመሰገኑም። ማረሚያቸው ሐሰቱ የደረሰበት ቦታ ሁሉ አይደርስም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።

ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ጥይት ብቻ ሳይሆን የጥላቻ ፕሮፓጋንዳና ንግግርም እንዲቆም ያስገድዳል። ተፈራሚዎቹ ሁለት ነበሩ። ለሁለት ዓመት ላይቭ ሲያካሂዱ የነበሩት ብዙዎቹ ግን ለማንም ተጠሪ አልነበሩም፤ ያላቸውም ተመልካች የመጣው በጦርነቱ ነው። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ጦርነት ተጀመረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። ያው ነገር ተደገመ፤ ጎጃም ያለው ገበሬ ዝም፣ ውጭ ያለው ባለ ቲክቶክ ግንባር መሪ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ሲቪሎችን ሲገድሉ፣ ኢሰመኮ ማረጋገጥ የቻለው ቢያንስ የ45 ሰዎችን ሞት ነው፤ ያም ከሁለት ሳምንት በኋላ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በአንድ በኩል «ፋኖ ነው የሞተው»፣ በሌላ በኩል የማያቋርጥ የቁጥር ጨረታ ነበር። ትናንት ስለ አክሱም የካደው አፍ ዛሬ ስለ መርዓዊ እመኑኝ ሲል፣ ትናንት ያልታመነው ደግሞ በተራው «ያኔ የት ነበርክ?» ሲል አይቻለሁ። ሁለቱም ተበድለዋል፤ ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን ምስክር አባረሩ።

አሁን ጉዳዩ የማስረጃ ሆኗል። የባሕር ዳሩን ፕሮፌሰር የሚመለከተው ክስ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ አለ፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢከራከርም ችሎቱ በመጋቢት 2017 ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል። አገር ውስጥ ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በሁለቱም መንገድ አንድ ቀን «አሳዩን» የሚል ሰው ይመጣል። ኩባንያዎቹ ዘግናኝ ነው ብለው ያነሡት ቪዲዮ ብዙ ነው፤ ጠብቀው ለመርማሪ እንዲሰጡት ከአሁኑ መጠየቅ አለበት፤ ይህን መጠየቅ የኢሰመኮም የጋዜጠኞችም ሥራ ነው። ከትግራይም ከአማራም ከአፋርም በስልኩ የቀረጸውን ያላሠራጨ ሰው አለ። ዋናውን ቅጂ አይሰርዝ፤ በቴሌግራም የተላከ ቅጂ ብዙ ጊዜ የተቀረጸበትን ሰዓትና ቦታ አይዝምና። ቦታውን፣ ቀኑን፣ በሥፍራው የነበሩትን ሰዎች በወረቀት ይጻፍ፤ ከአንድ በላይ ቦታ ያስቀምጠው። የተረፉትን ሰዎች ፊት በአደባባይ አይለጥፍ። ውጭ አገር ያለነውም ሆንን እዚህ ከተማ የተቀመጥነው ደግሞ እነዚህ ሰዎች መናገር ሲጀምሩ ከየትኛው ወገን መሆናቸውን ሳንጠይቅ እስኪጨርሱ እንስማቸው።